ከአንገቱ ጀምሩ፦ ስለ ጃዝ ቤዝ ለቤዝ ተጫዋቾች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ?

የተከበራችሁ አንጋፋ ሙዚቀኞች፣ በየመድረኩ ጥግ ቆማችሁ ዘፈኑን የምትሸከሙ ቤዝ ተጫዋቾች፣ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ወጣቶች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤዛችሁን ይዛችሁ ኑ የተባላችሁት በከንቱ አይደለም፤ ንግግሩ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ እናወጣቸዋለን። እስከዚያ ድረስ ስልካችሁን ዝም አሰኙልኝ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ዓይነት ቤዝ ብቻ ነው፤ ስለ ጃዝ ቤዝ፣ ስለ ባለ አራት ክሩ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር። ፌንደር የሚል የአሜሪካ ፋብሪካ ስም ይኑርበት ወይም ሌላ ፋብሪካ በዚያው ቅርጽ ይሥራው፣ ለዛሬ ጉዳያችን ለውጥ የለውም። ሦስት ነገር አነሣለሁ። ስትገዙ ምን ምኑን እንደምታዩ፣ ከገዛችሁ በኋላ እንዴት እንደምታስተካክሉት፣ በመጨረሻም እጃችሁን የት እንደምታሳርፉ። ሁለተኛው ይረዝማል። እንቅልፍ የሚጫጫነው ካለ ቡናውን አሁኑኑ ይጠጣ።

ለመሆኑ ለምን ጃዝ ቤዝ? ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ ሰው ነው፤ ራሱ ጊታር አይጫወትም ነበር። ሰውዬው ሙዚቀኛ ስላልነበረ ይመስለኛል መሣሪያን እንደ ጠጋኝ ያየው፦ ይፈታል ወይ? ይገጠማል ወይ? የተበላሸው ክፍል ብቻውን ይቀየራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ፤ በ1960 ደግሞ ጃዝ ቤዝ ተከተለ። የሁለቱም የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው። የጃዝ ቤዝ አንገት ነቱ ዘንድ፣ ማለትም የመቃኛው ራስ ሥር ክሮቹ የሚያልፉባት ባለ ቦይ ቁራጭ ዘንድ፣ 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ የመጀመሪያዎቹ ፕሪሲዥኖች 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበሩ። ፕሪሲዥን ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ባለ ማግኔት ክፍል) ሲኖረው፣ ጃዝ ቤዝ ሁለት የተለያዩ ፒካፖች አሉት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቮልዩም፣ ለሁለቱም በጋራ አንድ የድምፅ ቀለም መቀየሪያ (ቶን)።

ከዚህ ሁሉ ግን ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህ መሣሪያ በብሎን የተገጣጠመ ነው። አንገቱ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ብሎን፣ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ብረት) በብሎን፣ ፒካፑ በብሎን። በብሎን የተሠራን ነገር ባለቤቱ ያስተካክለዋል። ታዲያ ለምንድን ነው ብዙዎቻችን ቤዙ ዝዝ ሲል ወይም እጅ ሲያደክም ሌላ ለመግዛት የምንጣደፈው? እኔን ብትጠይቁኝ፣ «ቤዙ አይረባም» ከሚባሉት ውስጥ የሚበዙት ሳይስተካከሉ የቀሩ ናቸው።

አንደኛው፣ ግዢ። በአጭሩ።

ያገለገለ ቤዝ ሲያቀርቡላችሁ ከመጫወታችሁ በፊት እዩት። የአካሉን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ፣ በአንገቱ ርዝመት ወደ መቃኛዎቹ አቅጣጫ ተመልከቱ። አንገቱ ትንሽ ቢጎብጥ ችግር የለም፤ ያ ይስተካከላል። ከተጠማዘዘ ግን፣ ማለትም በወፍራሙ የኢ ክር በኩል አንድ መልክ፣ በቀጭኑ የጂ ክር በኩል ሌላ መልክ ካለው፣ መልሱለት። ባለቤቱ ፊት ትራስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ ሩብ ዙር አላልታችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። አልንቀሳቀስ ካለ ወይም የቁልፉ መግቢያ ተልጦ ቁልፉ የሚሾልክ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትውሰዱ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት፣ አንገቱ ላይ በተጋደመው የብረት መስመር፣ እየተጫናችሁ ምቱ። አዎ፣ ሁሉንም! 4 ክር በ20 ፍሬት 80 ድምፅ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጂ ክር ላይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አካባቢ አንድ ድምፅ ቶሎ ቢሞትባችሁ አትደንግጡ። ይህ የዚህ ዝርያ የታወቀ ጠባይ ነው። አንገቱ ራሱ በዚያ ድምፅ ስለሚንቀጠቀጥ የክሩን ጉልበት ይበላዋል። ምንም ብታስተካክሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የመቃኛው ራስ ላይ ክብደት ያለው ነገር ቆንጥጣችሁ ብታስሩ ቦታውን ይቀይራል እንጂ አያድነውም። በጣም ከሞተ ዋጋ ለመቀነሻ ተጠቀሙበት።

ቮልዩሞቹን ስታዞሩ ቢንኳኩ ግን ሰበብ አታድርጉት። ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ) ተነፍቶበት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል።

ሁለተኛው፣ ማስተካከል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለትራስ ሮዱና ለሳድሎቹ (ብሪጁ ላይ ክሩ ለሚያርፍባቸው ብረቶች) የሚሆኑ አለን ቁልፎች፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የተከፋፈለ የብረት ማስመሪያ፣ ቲዩነር (የቅኝት መለኪያ)፣ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ)። ጋራዥ ውስጥ የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባት ስስ ብረት ብትገኝ ግሩም ነው፤ ካልተገኘች የስም ካርድ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር እሱም ያገለግላል። ቁልፍ ላይ ግን አደራ! የአሜሪካን መሣሪያ በኢንች፣ የብዙዎቹን የእስያ ፋብሪካዎች በሚሊ ሜትር ነው። «ይገባል እኮ» ብሎ ጠጋ ያለ ቁልፍ ማስገባት ነው መግቢያውን የሚልጠው።

አሁን ተራው። ክር፣ አንገት፣ ከፍታ፣ የቅኝት ርዝመት፣ ፒካፕ። ልድገመው፦ ክር፣ አንገት፣ ከፍታ፣ የቅኝት ርዝመት፣ ፒካፕ። ከፍታ ስል ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ርቀት፣ የቅኝት ርዝመት ስል ክሩ በየፍሬቱ ልክ እንዲቃኝ የሚሰጠውን ርዝመት ማለቴ ነው። ለምን በዚህ ተራ? አንገቱን ስታንቀሳቅሱ የክሩ ከፍታ ይቀየራል፤ ከፍታውን ስትቀይሩ ቅኝቱ ይቀየራል። ከኋላ የጀመረ ሰው የሠራውን ሁሉ እንደገና ይሠራል። ሳድሉን ዝቅ አድርጎ፣ ዝዝ ሲልበት ከፍ አድርጎ፣ መልሶ ዝቅ አድርጎ የሚያመሽ ሰው አይታችሁ አታውቁም? አንገቱን ያልነካ ሰው ነው።

ከክሩ እንነሣ። የተለመደው ስብስብ ጂ 0.045፣ ዲ 0.065፣ ኤ 0.085፣ ኢ 0.105 ኢንች ነው። አራቱ ክሮች ተቃኝተው አንገቱን የሚስቡት ጉልበት ወደ 80 ኪሎ ይደርሳል። የክር ውፍረት ስትለውጡ ይህ ጉልበት ይለወጣል፤ ስለዚህ ማስተካከያውም እንደ አዲስ ነው። አሮጌ ክር ላይ ቅኝት ማስተካከል ደግሞ ድካም ብቻ ነው፤ ክብደቱ እኩል ስላልሆነ በትክክል አይቃኝም።

ክር ሲገጠም የሚበላሸው የት ነው? ሲቆረጥ። ክሩን ከመቃኛው ምሰሶ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር አሳልፉት፤ መጀመሪያ በፒንሳ ዘጠና ዲግሪ አጥፉት፤ ከዚያ ከእጥፋቱ በኋላ ቁረጡት። ሳይታጠፍ የተቆረጠ ክር የውጭ ጥቅሉ ከውስጥ ሽቦው ላይ ይላቀቅና ድምፁ ገና በአዲስነቱ ይሞታል። ጫፉን ምሰሶው መሐል ባለው ቀዳዳ አስገቡና ወደ ታች እየወረደ እንዲጠቀለል አድርጉ፤ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃዋል። ኤ ክር ላይ ግን ጥንቃቄ ጨምሩ። ዲና ጂን ወደ ታች የምትጫን ትንሽ ብረት የመቃኛው ራስ ላይ አለች፤ ለኤ የለውም። ስለዚህ ኤ ክር ምሰሶው ላይ እስከ ታች ካልተጠቀለለ ነቱ ላይ ሳይጫን ይቀርና ባዶውን፣ ፍሬት ላይ ሳይጫኑት፣ ሲመታ ዝዝ ይላል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ነት አስቀይሯል መሰላችሁ!

ክሩ ገብቶ ሲቃኝ ሳድሉና ነቱ ላይ ካለፈ በኋላ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ቦታው ላይ ቁልጭ ብሎ እንዲታጠፍ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚቆለመም ክር ቅኝቱ አይጸናም።

አሁን አንገቱ። ክሮቹ አንገቱን እንደ ቀስት ይጎትቱታል፤ ውስጡ ያለው የብረት ዘንግ፣ ትራስ ሮዱ፣ በተቃራኒው ይመልሰዋል። የምንፈልገው ጥቂት ጉብጠት ነው። ሙሉ ቀጥ ያለ አንገት ላይ ክሩ ለመወዛወዝ ቦታ ያጣል። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ቤዙን ተቃኝቶ እንዳለ፣ እንደምትጫወቱበት አድርጋችሁ ያዙት። ካፖውን 1ኛው ፍሬት ላይ እሰሩ። በሌላው እጃችሁ ኢ ክርን አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ። ክሩ አሁን ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነላችሁ። 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሐል ያለውን ክፍተት ለኩ። ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተውት። የድሮው ሞዴል፣ ፊቱ በይበልጥ የከበበው፣ የክበቡ ሬዲየስ 7.25 ኢንች የሆነው አንገት ከሆነ 0.35 ይሁን።

ክፍተቱ ከበዛ ቁልፉን በሰዓት አቅጣጫ ወደ ቀኝ፤ ከጠበበ ወደ ግራ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ! ሩብ ዙር፣ እንደገና መቃኘት፣ እንደገና መለካት። እንጨት ነው፤ እስኪረጋ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ያስተካከላችሁትን ጠዋት ለኩት። ስታጠብቁ እምቢ ካለ አታስገድዱ። ክሮቹን አላሉ፣ አንገቱን በእጃችሁ ወደ ኋላ ደግፋችሁ ሞክሩ። ያም ካልሆነ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ፤ የተበጠሰ ሮድ ማለት ብዙውን ጊዜ የሞተ አንገት ማለት ነው። የድሮዎቹንና የድሮ ቅጂዎቹን ያላችሁ ደግሞ የቁልፉን መግቢያ የመቃኛው ራስ ላይ አትፈልጉት፤ ታች፣ አካሉ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። ክሩን አላልቶ፣ አራቱን ብሎን ፈትቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ አዙሮ፣ መልሶ መግጠም ነው። አሰልቺ ነው፤ መዝለያ መንገድ ግን የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ሀገራችን አየር አንድ ነገር ላንሣ። አዲስ አበባ ከበጋ ወደ ክረምት ስትሻገር የአየሩ እርጥበት በጣም ይለዋወጣል፤ እንጨቱ ይህን ይከተላል። አንዱ ቤዝ ወደፊት ይጎብጣል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በግምት አትንኩት፣ ለኩ። በበጋ ደረቅ አየር ጣውላው ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ በአንገቱ ጎን ብቅ ብሎ እጅ ይቧጭራል። በስስ ሞረድ ጫፋቸውን ብቻ ማለስለስ ይበቃል፤ እንጨቱን ግን በወረቀት ቴፕ ሸፍኑት። ቤዙን በቀትር የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትተዉት፤ እንደ ልጅ የማስተምራችሁ እንዳይመስላችሁ፣ ያደጉትም ያደርጉታል።

አንገቱ ልክ ሲሆን ወደ ሳድሎቹ እንሂድ። 17ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሆድ ለኩ። ለኢ ወደ 2.4፣ ለጂ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ ኤና ዲ በመሐል እየወረዱ ይሂዱ። እጁ ከባድ የሆነ ሰው ከፍ ያድርገው፤ ቀላል ሰው ዝቅ ማድረግ ይችላል። እያንዳንዱ ሳድል ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉት፤ ሁለቱን እኩል አዙሩ፣ ሳድሉ እንዳይዘምም። በጨዋታ ብዛት እየላሉ ራሳቸው የሚንጫጩ ከሆነ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ጥርሳቸው ላይ ቀቡ። ይይዛቸዋል፣ ስትፈልጉም ይፈታል።

ሳድሎቹ እስከ ታች ወርደው ክሩ አሁንም ከፍ ካለስ? ትራስ ሮዱን ለዚህ አታጥብቁ! ችግሩ የአንገቱ ማዕዘን ነው። አንገቱን አውጥታችሁ በጉድጓዱ ውስጥ፣ ወደ ብሪጁ በሚያደላው ጠርዝ፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ስስ ነገር አኑሩና መልሳችሁ ግጠሙ። ወረቀት አጣጥፎ ማስገባት ተለምዷል፤ ወረቀት ግን እየተጨፈለቀ ይሄዳል፤ ስስ ፕላስቲክ ወይም የእንጨት ልጣጭ ይሻላል።

ዝዝ ሲል ደግሞ መስማት ብቻ ሳይሆን የት እንደሆነ መጠየቅ ልመዱ። ባዶው ክር ብቻ ከሆነ ነቱ ነው። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ከሆነ አንገቱ በጣም ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሄዷል። ከ12ኛው በላይ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሏል ወይም ጉብጠቱ በዝቷል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ከፊቱ ያለው ቀጣዩ ፍሬት ከፍ ብሎ ተነሥቷል፤ አጭር ቀጥ ያለ ብረት ሦስት ፍሬት ላይ አጋድማችሁ ብታወዛውዙ ያሳያችኋል። ነቱን ለማወቅ 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ፤ የወረቀት ያህል ስስ ብርሃን ከታየ ደህና ነው።

የቅኝት ርዝመት የሚባለው ከባድ ይመስላል እንጂ ቀላሉ እሱ ነው። 12ኛው ፍሬት አናት ላይ ሃርሞኒኩን፣ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ብቻ ነክቶ የሚወጣውን ድምፅ፣ አሰሙ፣ ከዚያ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ። የተጫናችሁት ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡት። ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር እንደገና ቃኙ። ስትጫኑ ክሩን ወደ ጎን አትሳቡ፤ ቁጥሩን ያዛባዋል።

ፒካፕ የመጨረሻው ነው። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ከክሩ ሆድ እስከ ፒካፑ ብረት ለኩ፤ ለኢ ወደ 3፣ ለጂ ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር። ድምፁ እንዲበረታ ብለው ፒካፑን እስከ ክሩ የሚያስጠጉ አሉ። ማግኔቱ ክሩን ይስባል፤ ድምፁ ይዋዥቃል፣ ቅኝቱ ይበላሻል፣ ቶሎም ይሞታል። ድምፅ የሚጨመረው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው።

ሃም የሚለውን ነገር ሳልነካ አላልፍም፤ ሁሉም ይጠይቃልና። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒካፖች ጥቅልላቸውም ማግኔታቸውም እርስ በርሱ ተቃራኒ ነው። ሁለቱም ቮልዩም ሙሉ ሲከፈት የመብራቱ የ50 ኸርዝ ሃም ይጠፋል። አንዱን ትንሽ ስትቀንሱ ይመለሳል። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው! ክሩን ስትነኩ ሃሙ የሚቀንስ ከሆነ የብሪጁ ግራውንድ ሽቦ ሥራውን እየሠራ ነው። ክሩን ስትነኩ ግን እጃችሁን የሚነዝር ከሆነ፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ያኔውኑ አቁሙ። ያ የድምፅ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ግራውንድ የሌለው ሶኬት ላይ አምፕሊፋየር ሰክቶ ማይክሮፎን በከንፈር መንካት ቀልድ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ።

ሦስተኛው፣ እጅ።

አንድ ታሪክ ልጥቀስ። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ላሪ ግራሃም በወጣትነቱ ከእናቱ ጋር ይጫወት ነበር፤ ከበሮ ተጫዋች አልነበራቸውም። ስለዚህ በአውራ ጣቱ ክሩን እየመታ የከበሮውን ምት፣ በሌላ ጣቱ እየጎተተ የስኔሩን፣ የትንሿን ከበሮ፣ ቦታ ሸፈነ። ዛሬ በኤሌክትሪክ ቤዝ ስላፕ የምንለው አጨዋወት ከዚያ ነው የተነሣው። ችግር ነው የወለደው። ማርከስ ሚለር ኋላ በ1977ቱ ጃዝ ቤዙ ያንኑ ወደ ሌላ ደረጃ ወሰደው። በሌላው ጫፍ ጄምስ ጄመርሰንን አስቡ፤ ሞታውን በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤት ያን ሁሉ የተጫወተው በአንድ ጣት፣ በአመልካች ጣቱ ነው፤ ከብሪጁ ሽፋን ሥር ስፖንጅ ነበረ። የእሱ ቤዝ ፕሪሲዥን ነው፣ ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው። ጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 ጃዝ ቤዙን ፍሬት አውጥቶ ለጀልባ በሚሆን ኢፖክሲ ለበጠው፤ ያለዚያ ክብ ጥቅል ክር የሮዝውድ ጣውላውን ይበላው ነበር። ፍሬት ለማውጣት የምትቋምጡ ካላችሁ ይህን ሁለተኛ ሥራ አትርሱት።

ጃኮን የሚያስታውሰው ያ አፍንጫማ፣ የሚያወራ ድምፅ ከየት ይመጣል? ከብሪጁ ፒካፕና ከጣቶቹ ቦታ። የአንገቱን ፒካፕ ቀንሱ፣ የቀኝ እጃችሁን ወደ ብሪጁ አስጠጉ፤ ግማሹ እዚያው ነው። ወደ አንገቱ ስትሄዱ ድምፁ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል። ቮልዩምና ቶን ከማዞራችሁ በፊት እጃችሁን አንቀሳቅሱ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የአይቤክስንና የሮሃ ባንድን ቅጂዎች፣ የአንጋፋውን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። በችክችካ ላይ ድምፁ የሚጀምርበት ብቻ ሳይሆን የሚቆምበትም ቦታ ወሳኝ ነው። ስድስት ለስምንቱ ምት የሚፈስሰው በመሐል ባለው ዝምታ ነው። የግራ እጃችሁን ጣት ከፍሬቱ ሳታነሡ ጫናውን ብቻ ልቀቁ፤ ድምፁ ያኔ ይቆረጣል። ከብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቀጭን ስፖንጅ ብታስገቡ ደግሞ ያ ደርቆ የሚያርፈው የድሮ ድምፅ ይመጣል።

በታችኛው የአንገት ክፍል ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት መመደብ ልማድ ሆኗል። ከነቱ እስከ 1ኛው ፍሬት ግን 48 ሚሊ ሜትር ያህል ነው! ለምን እጃችሁን ታሠቃያላችሁ? እስከ 5ኛው ፍሬት ድረስ ቆሞ የሚጫወቱትን ትልቁን የእንጨት ቤዝ (ኮንትራባስ) የሚጫወቱ እንደሚያደርጉት አመልካችን፣ መሐልንና ትንሿን ጣት ለሦስት ፍሬት ተጠቀሙ፤ ከዚያ በላይ አራቱንም። ትዝታም ባቲም በዚህ አያዝ ምንም አይጎድልባቸውም።

ዘፋኙ ኢ ፍላት ከጠየቃችሁና ባዶ ክር ከፈለጋችሁ ሁሉንም ግማሽ ድምፅ ማውረድ ይቻላል። የክሩ ውጥረት ግን በ11 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዝዝታው ይጀምራል። ለአንድ ምሽት ከሆነ ቻሉት። ሁልጊዜ ከሆነ ከፍ ያለ ውፍረት ያለው ክር ግዙና ማስተካከያውን ከመጀመሪያው ድገሙት፤ ክር፣ አንገት፣ ከፍታ፣ የቅኝት ርዝመት፣ ፒካፕ።

ጥያቄ ያላችሁ ጠረጴዛው ላይ እየሠራን ጠይቁ። ኤ ክሩ ዝዝ የሚልበት ሰው መጀመሪያ ይምጣ፤ ካፖና የስም ካርድ የያዘም ይጠጋ። አመሰግናለሁ።